ቤት የገባ ፍርሃት፤ አስፈሪና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች በቪዲዮ ካሴት ዘመን

1. መግቢያ

ስለ ፊልም በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ ማብራሪያ የሚጠይቅ ጉዳይ ይመስላል። ፊልሙ ጭራቅ የሚርመሰመስበት ወይም ሰው ሠራሽ ሰው የሚመላለስበት ሲሆንማ «ይህ ደግሞ ምን ሂስ ያሻዋል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪም ከመምህርም መሰንዘሩ አይቀርም። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ከጠያቂዎቹ ወገን ነበርኩ። አስፈሪ ፊልም የሚታየው ለመደንገጥ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም የሚታየው ለመደነቅ ነው፤ ድንጋጤውና ድንቁ ካለፈ በኋላ ለሐያሲ የሚተርፍ ነገር የለም የሚል እምነት ነበረኝ።

ይህን እምነቴን ያናወጠው አንድ ምሽት ነው። በሰፈራችን የቪዲዮ ዴክ ከነበራቸው ጥቂት ቤቶች በአንዱ ተሰብስበን ከቪዲዮ ቤት የተከራየ ካሴት እናያለን። ፊልሙ የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ነበር። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ በመሆኑ ምስሉ ደብዝዟል፤ ድምፁም ይንቋረራል። እንግሊዝኛ ይሻል የነበረው የቤቱ ልጅ እየተረጎመ ያሰማናል። እናቱ ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጠው ቡና እያፈሉ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አሁን ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሆነው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁም «እሱማ እነሱም አያውቁት፣ እማዬ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ፊልም ብዙ አንብቤአለሁ፤ የፊልሙን ጭብጥ የእኚያን እናት ጥያቄ ያህል በአጭሩ የያዘ ነገር ግን አላጋጠመኝም። ጥያቄው የተጠየቀውም ቤት ውስጥ፣ ካሴት በሚታይበት ቦታ ነው። በሲኒማ አዳራሽ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቅም፣ አቁሞ የሚመልስም አይኖርም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ይነሳል። በሥነ ቃል ጥናት ተረት በምድጃ ዙሪያ ሲተረትና በመጽሐፍ ታትሞ ሲነበብ አንድ ነገር እንዳልሆነ እናስተምራለን፤ ክዋኔው ሲለወጥ ተደራሲው፣ ተደራሲው ሲለወጥም ትርጉሙ ይለወጣል እንላለን። ይኸው መርህ ለፊልምም ይሠራል ባይ ነኝ። አስፈሪና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች በቪዲዮ ካሴት አማካይነት ከአዳራሽ ወደ ቤት ሲገቡ መጠናቸው ያነሰ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ተሸጋግሮባቸዋል፤ የጊዜ ባለቤትነት ከፊልሙ ወደ ተመልካቹ አልፏል። ይህ ሽግግር በድንጋጤ ብቻ የቆሙትን ፊልሞች አድክሟል፤ በጥርጣሬ የቆሙትን ግን አጎልብቷል። ሐሳቡን በጥቂት ፊልሞች ትንተና ለማሳየት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. አዳራሽና ሳሎን

ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቤታማክስ የተሰኘውን የካሴት ዓይነት በ1975፣ ተወዳዳሪው ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 ለገበያ አቀረቡ። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች ነገሩን በበጎ አላዩትም። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን ከሰሱ፤ ክርክሩም እስከ አሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 1984 በ5 ለ4 ድምፅ ለሶኒ ተፈረደ። ፍርዱ አንድ ሰው ከቴሌቪዥን የሚተላለፍን ዝግጅት ቆየት ብሎ ለማየት በቤቱ መቅዳቱ ሕግ መተላለፍ አይደለም የሚል ነበር። በዚህ መካከል አምራቾቹ ራሳቸው ካሴት በማከራየትና በመሸጥ የሚገኘውን ጥቅም መረዳት ጀምረው ነበርና የተፈራው ጠላት ሲሳይ ሆነ።

ለእኔ ግን ከንግዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአመለካከቱ ለውጥ ነው። አዳራሹ ለአስፈሪ ፊልም ሦስት ነገሮችን ያበረክት ነበር። አንደኛው ጨለማው ነው። ሁለተኛው የሰው ብዛት ነው፤ ከፊት ወንበር የምትጮኽ አንዲት ተመልካች የኋለኛውን ረድፍ ሁሉ ታስደነግጣለች። ሦስተኛውና ዋነኛው ተመልካቹ ጊዜን ማዘዝ አለመቻሉ ነው። ፊልሙ ይሄዳል፤ ተመልካቹ ዐይኑን ሊጨፍን ወይም ወጥቶ ሊሄድ ይችላል እንጂ «ቆይ» ሊለው አይችልም። በተረትም ቢሆን አድማጩ ተራኪውን በጥያቄ ያቋርጠዋል፤ በአዳራሽ ፊልም ግን ይህ እንኳ የለም። ፍርሃት ደግሞ አቅም ከማጣት ጋር የተቆራኘ ስሜት ነው።

ሳሎኑ ሦስቱንም ይነሳል። መብራቱ በርቷል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ጎረቤት ያንኳኳል። ከሁሉም በላይ በእጅ የሚነካ ቁልፍ አለ። ተመልካቹ ያስቆማል፣ ወደ ኋላ ያጠነጥናል፣ ደግሞ ያያል። በዚህ ረገድ የካሴት ተመልካች ከአዳራሽ ተመልካች ይልቅ ለመጽሐፍ አንባቢ ይቀርባል። ገጽ መልሶ የሚያነብ አንባቢ እንዳለ ሁሉ ትዕይንት መልሶ የሚያይ ተመልካች ተፈጠረ።

የዚህ ውጤት ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። በርያው ግን ልጡን አንስቶ አገላብጦ ካየው በኋላ ዳግመኛ አይበረይም። ከበር ኋላ ዘሎ በሚወጣ ነፍሰ ገዳይና በድንገት በሚያምባርቅ ሙዚቃ ላይ የተገነባ ፊልም በሁለተኛው እይታ ልጥ ይሆናል፤ መቼ እንደሚዘል ታውቋልና። እንዲህ ያሉ ካሴቶች በ1980ዎቹ የኪራይ ቤቶችን መደርደሪያ ሞልተው ነበር፤ አብዛኞቹም ከሽፋናቸው በስተቀር የሚታወስ ነገር አልነበራቸውም። ቤት ውስጥ የተከሰተው እንግዲህ ማጣራት ነው። ይህን ማጣራት ከማንም በላይ በግልጽ የሚያሳዩት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ፊልሞች ናቸው።

3. ሁለት ፊልሞች፣ አንድ ቀን

«ዘ ቲንግ» እና የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመሩት በአንድ ቀን፣ ሰኔ 25 ቀን 1982 ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ወጥቶ ነበር። በዚያ ክረምት ሕዝቡ ከሰማይ የመጣ ወዳጅ ማየት እንጂ ከሰማይ የመጣ ጠላት ማየት አልፈለገም። ሁለቱም ፊልሞች የተጠበቀውን ያህል ገንዘብ አላስገቡም፤ ካርፔንተርማ ሥራው የደም ግብር ነው ተብሎ በሐያስያን ተወገዘ። ዛሬ ሁለቱም ከዘርፋቸው ምርጥ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። ለዚህ የበቁት በአብዛኛው በካሴት ነው።

«ዘ ቲንግ» መነሻው የጆን ካምቤል የ1938 ረጅም ልብ ወለድ ነው። በአንታርክቲካ በረዶ በተከበበ የምርምር ጣቢያ 12 ሰዎች አሉ። የያዘውን ሕያው ፍጡር ሁሉ መስሎ መኖር የሚችል እንግዳ ነገር በውሻ አምሳል ይገባባቸዋል። በ1951 ከዚሁ ድርሰት የተሠራው የመጀመሪያው ፊልም ይህን የመምሰል ሐሳብ ትቶ አንድ የሚታይ ጭራቅ አቁሞ ነበር። ካርፔንተር ሐሳቡን መልሶ አነሳው። በዚህም የፊልሙ ግጭት በሰውና በጭራቅ መካከል መሆኑ ቀርቶ በሰውና በጎኑ በተቀመጠው ጓደኛው መካከል ሆነ።

የደም ምርመራውን ትዕይንት እንውሰድ። ማክሬዲ የተባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ባልደረቦቹን አስሮ ከእያንዳንዳቸው በተወሰደ ደም ውስጥ የጋለ ሽቦ ይነክራል። የእንግዳው ነገር ደም ራሱን የቻለ ሕይወት ስላለው ከእሳት ይሸሻል የሚል ግምት አለው። የሁለት ሰው ደም ተፈትኖ ንጹሕ ይሆናል። ቀደም ሲል ማክሬዲ በጥይት የገደለው ክላርክ ደምም ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ማለት ማክሬዲ ሰው ገድሏል ማለት ነው። የጣቢያው አዛዥ ጋሪ ምርመራው ከንቱ ነው ብሎ ሲያጉረመርም ማክሬዲ ወደ እርሱ ዞሮ ያንተን መጨረሻ ላይ እናየዋለን ይለዋል። የተመልካቹም ጥርጣሬ ወደ ጋሪ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ማክሬዲ በግዴለሽነት የሚነክረው የፓልመር ደም ከሳህኑ ዘሎ ይነሳል።

በአዳራሽ ይህ ድንጋጤ ነው፤ በጣም የተዋጣ ድንጋጤ። ቤት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ግን ድንጋጤው ይጠፋና ሌላ ነገር ይወጣል። አሁን የምናየው ሽቦውን ሳይሆን ፓልመርን ነው። ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ተቀምጧል፤ ያዳምጣል፤ ይጠብቃል። ፊልሙን ወደ ኋላ እናጠነጥናለን፦ ከዚህ በፊት የተናገረው ሁሉ የማን ንግግር ነበር? ከስንተኛው ትዕይንት ጀምሮ ነው ሰው መሆኑ የቀረው? ልምድ ያለው አንባቢ አንድን ልብ ወለድ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ የሚፈልገውን ፍንጭ የካሴት ተመልካች በጣቱ ይፈልጋል።

የካርፔንተር ሥራ ታላቅነት እዚህ ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ክፍል ውሻው በጣቢያው መተላለፊያ ብቻውን ሄዶ አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ያለ የሰው ጥላ ዞር ሲል ይታያል፤ ምስሉ ይጨልማል። ጥላው የማን ነው? ተመልካቹ ምስሉን ያስቆማል፣ አፍንጫውን፣ ጸጉሩን ይመረምራል። መልስ የለም። የማቆሚያው ቁልፍ ያስገኘለት ሥልጣን ለዚህ ጥያቄ አልጠቀመውም። መጨረሻ ላይ ጣቢያው እየነደደ ማክሬዲና ቻይልድስ በብርዱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ጠርሙስ ይጋራሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ሰው ላይሆን ይችላል። የእኚያ እናት ጥያቄ ሳይመለስ ፊልሙ ያልቃል። በቁልፍ የማይከፈት ጥርጣሬ ማለት ይህ ነው፤ ፊልሙንም ለ40 ዓመታት ያኖረው ይኸው ነው።

«ብሌድ ረነር» ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። መሠረቱ በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ያረፈው የፊሊፕ ኬ. ዲክ የ1968 ልብ ወለድ ነው። ዴካርድ የሚባል አዳኝ ከሰው የማይለዩ ሰው ሠራሽ ፍጡራንን እያደነ ይገድላል፤ ቀስ በቀስ የእርሱም ሰውነት አጠራጣሪ ይሆናል። በፊልሙ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ የተጻፈ የሚመስል ትዕይንት አለ። ዴካርድ በቤቱ ተቀምጧል፤ በእጁ መጠጥ ይዟል። አንድ ፎቶግራፍ በመሣሪያ ውስጥ ከትቶ ወደ ቀኝ፣ ቅረብ፣ ቁም እያለ በቃል ያዝዛል። በመጨረሻም በመስታወት ነጸብራቅ ውስጥ ተኝታ የማትታይ የነበረች ሴት ያገኛል። ይህ ሰው የቤት ውስጥ ተመልካች ነው። ፊልሙ ካሴት ከመሆኑ በፊት ነገ በካሴት የሚያየውን ሰው ሥሏል።

ይኸው ፊልም ለጽሑፍ ምርመራ ተማሪም ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1982 በአሜሪካ ሲኒማ የታየው ቅጂ የዴካርድ ተራኪ ድምፅና የተድላ ፍጻሜ የተጨመረበት ነበር። ለውጭ አገር የተላከውና በካሴትም የወጣው ቅጂ ጥቂት ጠንከር ያሉ የጭካኔ ምስሎች አሉት። በ1992 የዲሬክተሩ ቅጂ ተብሎ የወጣው ተራኪውንና የተድላውን ፍጻሜ አስወግዶ አንድ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የሚታይበት አጭር ሕልም ጨመረ። በ2007 የመጨረሻ የተባለው ቅጂ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም አምስት ቅጂዎች በአንድ ሳጥን ለቤት ተመልካች ተሸጡ። የብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች ማነጻጸር ለለመደ ሰው ሁኔታው እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ ብራናውን የለዋወጠው የጸሐፊው እጅና ዘመን ሲሆን ይህን የለዋወጠው በከፊል ገበያ መሆኑ ነው።

የትኛው ይበልጣል ለሚለው መልሴ ግልጽ ነው። የ1982ቱ ተራኪ ድምፅ ጥፋት ነው። ሮይ ባቲ የተባለው ሰው ሠራሽ ፍጡር ሊገድለው የመጣውን ዴካርድን ከሞት አድኖ ራሱ በዝናብ ውስጥ ሲሞት ምስሉ ራሱ ይናገራል፤ ተራኪው ግን ለምን እንዳዳነው ሊያብራራልን ይገባል። ዐይን ያየውን ጆሮ መልሶ እንዲሰማው ማድረግ በልብ ወለድም በፊልምም ተደራሲን መናቅ ነው። በ1992ቱ ቅጂ የሕልሙ ፈረስ መጨረሻ ላይ ከሚገኘው ከወረቀት የተሠራ ፈረስ ጋር ተያይዞ አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ የዚህን ሰው ሕልም ሌላ ሰው እንዴት ሊያውቅ ቻለ? ጥያቄው ሳይመለስ መቅረቱ ነው ውበቱ። ዲሬክተሩ በኋላ በቃለ ምልልስ ዴካርድ ሰው ሠራሽ ነው ብሎ መናገሩን፣ ዋናው ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ ግን ሰው ነው ብሎ መከራከሩን እናውቃለን። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ደራሲ ከድርሰቱ ውጭ የሚናገረው ነገር አንድ አስተያየት ነው፤ ፊልሙ ክፍት የተወውን በር ባለቤቱም ቢሆን በቃለ ምልልስ ሊዘጋው አይችልም።

4. ያው ፊልም፣ ሌላ ሕግ

ፊልም ቤት ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ከሐያስያን ቀድሞ የተቀበለው የብሪታንያ ሕግ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር ካሴት ያለ ምርመራ ይከራይ ነበር። ጋዜጦች አስፈሪ ካሴቶች ልጆችን እያበላሹ ነው የሚል ዘመቻ ከፈቱ። ዐቃቤ ሕጉ በየጊዜው ባወጣው ዝርዝር በጠቅላላው 72 ፊልሞች ተጠቅሰዋል፤ ከእነዚህም 39ኙ በፍርድ ቤት ተወግዘዋል። በ1984 የቪዲዮ ቅጂዎች ሕግ ወጣና ለቤት የሚሸጥ ፊልም ሁሉ የምርመራ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ግድ ሆነ። የሕጉ አነጋጋሪነት በኋላም ቀጥሏል፤ በወቅቱ ለአውሮፓ ኮሚሽን መገለጥ ሲገባው ባለመገለጡ ሊፈጸም እንደማይችል በ2009 ታወቀና በ2010 እንደገና መጽደቅ ነበረበት።

ከሁሉ የሚገርመው የ1973ቱ «ዘ ኤክሶርሲስት» ዕጣ ነው። ይህ ፊልም በብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች ለአዋቂዎች ተፈቅዶ ታይቷል። በካሴት ግን የምስክር ወረቀት ስላላገኘ በ1988 ከገበያ ወጣ፤ የተፈቀደውም በ1999 ነው። አንድም ምስል ሳይለወጥ፣ በአዳራሽ የተፈቀደው ፊልም ለሳሎን ተከለከለ። መርማሪዎቹን ያሳሰባቸው ቤት ውስጥ ልጅ መኖሩና አንድ ክፉ ትዕይንት ተነጥሎ ደጋግሞ ሊታይ መቻሉ ነው።

ሥጋታቸውን ጨርሶ ከንቱ አልለውም፤ ልጅ ያለበት ቤት አዳራሽ አይደለም። ነገር ግን መደጋገምን እንደ ሱስ ብቻ ማየታቸው ስሕተት ነበር። ከፍ ብዬ እንዳሳየሁት መደጋገም የሂስም መጀመሪያ ነው። ክፉ ትዕይንትን ነጥሎ የሚደጋግም ተመልካች ቢኖር፣ ያው ትዕይንት እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ የሚደጋግምም አለ፤ ሁለቱን በሕግ አንቀጽ መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የመመልከት ትምህርት ብቻ ነው። ይህን ትምህርት መስጠት ደግሞ እንደኛ ያሉ የትምህርት ክፍሎች ሥራ ነው።

5. ቤት መግባቱን የሚያውቅ ፊልም

ዘርፉ ራሱ ይህን ለውጥ ዝም ብሎ አላየም። ቴሌቪዥኑንና ካሴቱን የታሪኩ መቼትና ገጸ ባሕርይ እስከ ማድረግ ደርሷል። ሦስት ሥራዎችን በቅደም ተከተል ብናያቸው የሐሳቡን እድገት እናገኛለን።

በ1982 የወጣው የቶብ ሁፐር «ፖልተርጋይስት» ሙት መናፍስት በቴሌቪዥን በኩል አንድ ቤት ሲገቡ ያሳያል። ስርጭት ባለቀበት ሌሊት ከሚርመሰመሰው ነጭ ነጥብ ፊት የተቀመጠችው ሕፃን ምስል የማይረሳ ነው። መፍትሔው ግን የዋህ ነው። መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ሆቴል ሲያርፍ አባትየው ቴሌቪዥኑን ከክፍሉ አውጥቶ በር ይዘጋል። ክፉው ነገር ከዕቃው ጋር ይወጣል ማለት ነው። ፈገግታ ያጭራል፤ ከዚያ አልፎ አያሳስብም።

በ1983 የወጣው የካናዳዊው ዴቪድ ክሮነንበርግ «ቪዲዮድሮም» አንድ እርምጃ ይሄዳል። የአንዲት አነስተኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት የሆነው ማክስ ሬን የሚያየው የሥቃይ ምስል አእምሮውን ይለውጠዋል፤ በሆዱ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ካሴት ይገባበታል። አሁን ዕቃው ከክፍል ቢወጣ ዋጋ የለውም፤ ተመልካቹ ራሱ ማጫወቻ ሆኗል። ምስሉ ብርቱ ነው። ሆኖም ክሮነንበርግ ለተመልካቹ ምንም ምርጫ አልተወለትም፤ ካሴት ያስገቡበታል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ከላይ ያየነው አስቁሞ የሚመረምር ተመልካች እዚህ የለም።

ምርጫ የመጣው በሂዴዮ ናካታ «ሪንግ» ነው። ይህ የጃፓን ፊልም የወጣው በ1998 ሲሆን መነሻው የኮጂ ሱዙኪ የ1991 ልብ ወለድ ነው። አንድ ካሴት አለ፤ ያየው ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሬይኮ የተባለች ጋዜጠኛ ካሴቱን ታያለች፤ ከቀድሞ ባሏ ከሪዩጂ ጋር ሆና ምንጩን ትፈልጋለች። ትንሹ ልጇም ሳታውቀው ያየዋል። በጉድጓድ ውስጥ ተጥላ የሞተችውን የሳዳኮን አጽም ሲያገኙ እርግማኑ የተፈታ ይመስላቸዋል። በተረት ሥርዓት ቢሆን እዚህ ላይ ይፈታ ነበር፤ ያልተቀበረ ሲቀበር ነፍሱ ታርፋለች። ናካታ ግን ይህን ተስፋ አፍርሶ ሳዳኮን ከቴሌቪዥኑ መስኮት በእጇ እየዳኸች ወደ ሪዩጂ ክፍል ያወጣታል። ሪዩጂ ይሞታል፤ ሬይኮ ግን በሕይወት አለች። ለምን? ካሴቱን ቀድታ ለሪዩጂ አሳይታዋለችና። የሚያድነው መቅዳትና ለሌላ ማሳየት ነው።

የፊልሙ ጥልቀት እዚህ ላይ ነው። በተመልካች እጅ ያለው ቁልፍ፣ ያ በሳሎን ሥልጣን የሰጠው መሣሪያ፣ አሁን የሥነ ምግባር ጥያቄ ያመጣል። ቅጂውን ለማን ትሰጣለህ? ሬይኮ ልጇን ለማዳን ማጫወቻውን በመኪና ጭና ወደ አባቷ ቤት ስትነዳ ፊልሙ ያበቃል። እናት ልጇን ልታድን አያትየውን ልትሠዋ ትሄዳለች፤ ያውም አባቷ ለልጅ ልጁ ሲል እንቢ እንደማይላት አምና። ደም የሚባል ነገር በዚህ ትዕይንት የለም፤ የሚታየው መንገድና ደመና ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራ ፍጻሜ ግን በዘርፉ አላውቅም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሪዩጂ ዕቃና ሰው በመዳሰስ ብቻ ያለፈውን የሚያይ መሆኑ ለሴራው አቋራጭ መንገድ ሆኗል፤ ምርመራ ሊያስገኘው የሚገባውን እውነት ራእይ ያቀብላል። ይህ ድክመት በሁለተኛው እይታ ጎልቶ ይወጣል፤ ካሴት መርማሪ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው።

በአንድ ነገር ላይ ላክል። መታየቱ ብቻ ሥራ የሚሠራ ምስል ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀው የብራና ክታብ፣ በላዩ የተሣሉት ትላልቅ ዐይኖች ያሉበት ጠልሰም፣ ሕመምተኛው እንዲያየው የሚቀርብ ነው። ክታቡ በዐይን በኩል ክፉውን ያስወጣል፤ የናካታ ካሴት በዐይን በኩል ክፉውን ያስገባል። ተጽዕኖ አለ እያልኩ አይደለም፤ የለም። ነገር ግን «ምስል ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ የፊልም ኢንዱስትሪ የወለደው ሳይሆን የቆየ የሰው ልጅ ጥያቄ መሆኑን ንጽጽሩ ያሳያል፤ ዘርፉን ተራ ነው ብሎ ማለፍም ይህን ጥያቄ ማለፍ ነው።

6. ማጠቃለያ፤ ስለ ቅጂና ስለ ማቆየት

በ«ሪንግ» ቅጂ ያድናል። በእኛ የቪዲዮ ቤቶች ቅጂ ያደበዝዝ ነበር፤ ከካሴት ወደ ካሴት ሲቀዳ ምስሉ በእያንዳንዱ ትውልድ ጥቂት ጥቂት ይሞታል። ቢሆንም እነዚህ ፊልሞች ወደ እኔ የደረሱት በዚያ ደብዛዛ ቅጂ ነው፤ የተረጎመልኝም የጎረቤት ልጅ ነው። ከሌላው ዓለም የምንለይበት አንድ ነገርም አለ። በሌላው አገር ለአዳራሽ የተሠራ ፊልም ወደ ቤት ገባ፤ በእኛ ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ወደ ሲኒማ አዳራሽ ገቡ። የቤቱ መሣሪያ አዳራሹን ሞላው። ይህን የተገላቢጦሽ ጉዞ የሚያጠና ሰው ተመልካችነት በእኛ ዘንድ እንዴት እንደተለወጠ ከእኔ የተሻለ ሊነግረን ይችላል።

ጥናቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። የመጨረሻው የቪዲዮ ማጫወቻ አምራች፣ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ በ2016 ማምረት አቁሟል። ማግኔታዊ ካሴት በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ያልተበላሸውም ማጫወቻ ከሌለ ዝም ያለ ፕላስቲክ ነው። ዛሬ ፊልም በኢንተርኔት ይታያል። ቁልፉ አሁንም በተመልካቹ እጅ ነው፤ ፊልሙ ግን በእጁ አይደለም። አቅራቢው በፈለገ ቀን ሊያነሳው፣ አንዱን ቅጂ በሌላ ሊተካው ይችላል። የ1982ቱን «ብሌድ ረነር» ከነጥፋቱ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ያንን ቅጂ ያቆየለት ሰው ያስፈልገዋል። የአማርኛ ቪዲዮ ፊልሞችን የመጀመሪያ ካሴቶች ነገ ማየት የሚፈልግ ተማሪም እንዲሁ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የማበቃው በአንድ ሐሳብና በአንድ ጥያቄ ነው። ሐሳቡ፣ አስፈሪና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም በቤት ውስጥ ዳግመኛ በመታየት ይፈተናል፤ ድንጋጤው ያልፋል፣ ጥርጣሬው ይቀራል፤ ሂስ የሚጀምረውም ከቀረው ነው የሚል ነው። ጥያቄው ለትምህርት ክፍላችን የቀረበ ነው። ሥነ ቃልን በቴፕ ቀድተን እናጠናለን፤ የብራና ቅጂዎችን እናነጻጽራለን። ቤታችን ውስጥ በየመሳቢያው እየተበላሹ ያሉትን ካሴቶችስ ማን ይሰበስባቸዋል? እኔ በበኩሌ የያዝኳቸውን ጥቂቶች ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ የሚረከብ ቦታ ይኑር እንጂ።